ከገላ ላይ ትርፍ ሥጋን ስለ ማስነሣት

አድያም ሰገድ የተባሉት ታላቁ ዐፄ ኢያሱ በጎንደር ዙፋን ላይ ሳሉ ከገላቸው ላይ የወጣ የቆዳ ደዌ ቢያስቸግራቸው፥ ሐጂ ዓሊ የሚባለውን መልእክተኛ ወደ ግብጽ ልከው ሐኪም እንዲያመጣላቸው አዘዙ፤ እሱም ካይሮ ላይ ሻርል ዣክ ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም አገኘና፥ ሐኪሙ እ.ኤ.አ. በ1698 ከካይሮ ተነሥቶ በስናር በኩል ዓመት ያህል ሲጓዝ ከቆየ በኋላ በ1699 በክረምት ወራት ጎንደር ገባ። ንጉሠ ነገሥቱንና ልጃቸውን አክሞ በሚከተለው ዓመት በምጽዋ በኩል ተመለሰ። ስለ ፖንሴ መምጣት የጻፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ነገሩን የሚያዩት ከሃይማኖትና ከመንግሥታት ጉዳይ ጋር አያይዘው ነው፤ ይህም አለምክንያት አይደለም፥ አሽከር መስሎ አብሮት የተጓዘው ብሬቭዳን የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነበርና፤ እሱም ጎንደር ሳይደርስ በመንገድ ሞተ። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም የንጉሥ ቆዳ ሲታመም ባሕርና በረሃ ተሻግሮ ሐኪም ሲፈለግ፥ በዚያው ዘመን በዚያው ከተማ የሚኖረው ባላገር፥ ነጋዴና ደጅ ጠኚ ከአንገቱ ላይ ለበቀለችው ትንሽ ሥጋ ወዴት ይሄድ ነበር የሚለው ጥያቄ ነው። ዜና መዋዕል ጸሐፊው ይህን ለመመዝገብ ብራና አላባከነም፤ እኛ ግን ከቆየው ልማድ ተነሥተን መልሱን ልናገኘው እንችላለን፤ ወደ ጎረቤቱ ይሄድ ነበር።

ትርፍ ሥጋ የምለው ያንን ሕመም የሌለውን፥ ለስላሳውን፥ በቀጭን ግንድ ከቆዳ ጋር ተያይዞ በአንገት፥ በብብት፥ በዓይን ቆብ፥ በጡት ሥርና በብሽሽት የሚንጠለጠለውን ቁራጭ ነው። ዕድሜ ሲገፋ፥ ገላ ሲወፍር፥ ሴት ስትፀንስ ይወጣል፤ የስኳር ሕመም ባለበት ሰውም ላይ ይበዛል፤ ቆዳ ከቆዳ ጋር፥ ወይም ቆዳ ከልብስ፥ ከድሪና ከማተብ ጋር ሲተሻሽ በሚውልበት ቦታ መብቀል ይወዳል። ሕዝቡ ከኪንታሮት ሳይለይ በአንድነት ሲያየው ኖሯል፤ የሁለቱ ጠባይ ግን እጅግ የተለያየ ነው፤ ኪንታሮት ከሰው ወደ ሰው የሚጋባ ሲሆን፥ ጣሊያናዊው ቹፎ እ.ኤ.አ. በ1907 የኪንታሮትን ጭማቂ በረቂቅ ማጥለያ አጣርቶ በመከተብ መነሻው ባክቴሪያ ሊያልፍበት ከማይችል ቀዳዳ የሚያልፍ ቫይረስ መሆኑን አሳይቷል፤ ትርፉ ሥጋ ግን ለባለቤቱ ብቻ የበቀለ ስለ ሆነ ማንንም አይነካም። ጠባዩ ገራም በመሆኑም ባለቤቱ ዓመታት ሙሉ ሳያስበው ይኖርና፥ አንድ ቀን በሐብል ተጠልፎ ሲደማ፥ ወይም ለሠርግ ሲዘጋጅ በመስተዋት ሲያየው ያን ጊዜ ማስነሣት አለብኝ ይላል።

ከገላ ላይ የወጣውን ነገር ማን አይቶ ይፍረድ የሚለው ጥያቄ ለቤተ ክርስቲያን ሰው እንግዳ አይደለም። ኦሪት ዘሌዋውያን በዐሥራ ሦስተኛው ምዕራፉ በሰው ቆዳ ላይ እባጭ ወይም ብርሃ ቢታይ ሰውየው ወደ ካህኑ እንዲመጣ፥ ካህኑም መልኩንና ጥልቀቱን፥ የጠጉሩንም ቀለም እንዲመረምር፥ ነገሩ ግልጽ ካልሆነለት ሰባት ቀን ለይቶ አቆይቶ ዳግመኛ እንዲያይ ያዛል። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባው ነገር፥ ካህኑ የሚቆርጥ፥ የሚተኩስ ወይም መድኃኒት የሚቀባ አለመሆኑ ነው፤ ሥራው መለየት ብቻ ነው። በእኔ አስተያየት ከዚህ በታች የምተርከው የረጅም ዘመን ታሪክ ሁሉ የሚዞረው በዚህ ነጥብ ላይ ነው፤ መቁረጥን ማንም ቶሎ ይማረዋል፥ የቱ እንደሚቆረጥና የቱ እንደማይነካ ማወቅ ግን ዘመናት የፈጀ ዕውቀት ሆነ።

በአገራችን የእጅ ሕክምና ሥራ የወጌሻ ነበር። ወጌሻ የተሰበረውን አጥንት በመቃ ጠግኖ የሚያስር፥ የወለቀውን የሚመልስ፥ በዋግምት ደም የሚስብ፥ የሕፃናትን እንጥል የሚቆርጥ ሲሆን፥ ሙያውንም ከአባቱ ወይም ከአጎቱ ጋር እየዋለ በዓይን እያየ ይማረው ነበር እንጂ የጽሑፍ ትምህርት አልነበረውም። ትርፍ ሥጋ ላስቸገረው ሰው ሦስት መንገድ ነበረው፤ ማሰር፥ መቁረጥና መተኮስ። ለማሰር ከፈረስ ጭራ አንድ ዘለላ ይመዘዝና በሥጋው ግንድ ዙሪያ ተጠምጥሞ ይጠብቃል፤ ደም ወደ ውስጥ መግባት ሲከለከል ሥጋው መጀመሪያ ይቀላል፥ ቀጥሎ ይጠቁራል፥ ከጥቂት ቀን በኋላም ደርቆ በራሱ ይወድቃል። የፈረስ ጭራ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ቀጭን ሆኖ የማይበጠስ፥ እንደ ጥጥ ፈትል ደምና መግል የማይመጥ፥ በየመንደሩም ያለ ዋጋ የሚገኝ ነው። ለመቁረጥ ምላጭ አለ፤ ደሙን ለማቆም አመድ ወይም ትኩስ ቅቤ ይደረግበታል። ለመተኮስ ደግሞ ብረት በፍም ውስጥ ግሎ እስኪቀላ ይቆይና በአንድ ጊዜ ይነካል፤ ይህም የሚቆርጠውንና ደም የሚያቆመውን ሥራ አንድ ላይ ስለሚሠራ፥ ሕመሙን ለሚችል ሰው ከሁሉ ይልቅ የተሟላ ዘዴ ነበር።

እንዲህ ያለውን ሥጋ ለይቶ ማወቅም የእኛ ብቻ አይደለም። በአንደኛው ምእት ዓመት በላቲን ቋንቋ ስምንት ክፍል ያለው የሕክምና መጽሐፍ የጻፈው ሮማዊው ኬልሱስ ከቆዳ ላይ የሚንጠለጠሉትንና እንደ ጉንዳን የሚናደፉ የሚመስሉትን እብጠቶች በየዓይነታቸው ከፍሎ ገልጿቸዋል፤ እኛም ጋ ወጌሻው ይህንኑ ልዩነት በጣቱ እየዳሰሰ ያውቀው ነበር። እንዲያውም ለትንሽ ነገር ወጌሻ መጥራት እንደ ብክነት ይቆጠር ስለ ነበረ፥ ፈትል አዙራ የምታስር የቤት እናት ወይም አሮጊት በየሰፈሩ አትጠፋም ነበር። በልጅነታችን ኪንታሮት የሚወጣው ኮከብ በመቁጠር ነው እየተባልን በማታ ጣታችንን ወደ ሰማይ እንዳንቀስር ስንከለከል፥ ጥፋቱ የተገኘበት ልጅ ደግሞ እጁን ይዞ እንደዚህ ባለችው ሴት ፊት ይቀርባል። በአንጻሩ ፊት ላይ ያለ ጥቁር ምልክት ማርያም የሳመችው ነው ተብሎ ይከበር ስለ ነበረ፥ እሱን ሊያስነሣ የሚነሣ ሰው አልነበረም፤ እምነቱ ምንም ይሁን ምን፥ ያልተመረመረን ጥቁር ምልክት በምላጭ ከመነካካት ስንቱን ሰው አድኖት ይሆን ብዬ አስባለሁ።

ከእጅ ሥራው ጎን ለጎን የዕፀዋት መድኃኒት ነበረ፤ የዚህም ባለቤቶች ደብተራዎችና ባለመድኃኒቶች ሲሆኑ፥ ዕውቀታቸው ዕፀ ደብዳቤ በሚባሉት የመድኃኒት መጻሕፍት ተጽፎ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በምስጢር ይተላለፍ ነበር። ፖላንዳዊው ሊቅ ስቴፋን ስትሬልሲን የእነዚህን መጻሕፍት ብዙ ክፍል ሰብስቦና ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1968 ዋርሶ ላይ አሳትሟል። ኪንታሮትንና ትርፍ ሥጋን ለማድረቅ ባላገሩ አብልጦ የሚተማመንበት የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት ነው። ቅርንጫፉ ሲሰበር የሚንጠባጠበው ነጭ ወተት ቆዳን የሚያቃጥል ኀይል ስላለው፥ በተደጋጋሚ ሲቀባ ሥጋውን በልቶ ያወርደዋል። የዚህ ወተት ክፋት የሚበላውንና የማይበላውን አለመለየቱ ነው፤ ጤናማውን ቆዳ አብሮ ያቆስላል፥ ወደ ዓይን ከገባም እስከ መታወር የሚያደርስ ጉዳት ያመጣል። ትርፍ ሥጋ ደግሞ ከሚወዳቸው ቦታዎች አንዱ የዓይን ቆብ ስለ ሆነ፥ ወተቱን በእንጨት ጫፍ ይዞ ወደዚያ የሚጠጋ ሰው ምን ያህል እንደሚደፍር መገመት አያስቸግርም።

ሌላው መጠጊያ ውኃ ነበር። የቆዳ ደዌ ያለበት ሰው ወደ ጠበል ይሄዳል፥ ወይም ከምድር ፈልቶ ወደሚወጣው ፍል ውኃ ይወርዳል። አዲስ አበባ ራሷ የተቈረቈረችው በዚህ ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፊንፊኔ ፍል ውኃ አጠገብ ቤት እንዲሠራላቸው መፈለጋቸውና መኳንንቱም እየተከተሉ መስፈራቸው የታወቀ ታሪክ ነው። ፍል ውኃ እከክንና ቁርጥማትን ያስታግሣል፥ ገላንም ያጠራል፤ የተንጠለጠለች ሥጋን ግን አያወርዳትም፤ ለዚህ ነው ከፍል ውኃው ተመልሶ እንደገና ወደ ወጌሻው የሚሄደው ሰው የማይጠፋው።

ከዓድዋ ድል በኋላ ቁስለኞችን ለመርዳት የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን በአዲስ አበባ የከፈተው ሆስፒታል፥ እሱንም ተክቶ በ1902 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፥ በመቅደላ ጦርነት በ1860 ዓ.ም. በሕፃንነቱ ተወስዶ በሕንድ አገር ያደገውና ተምሮ ወደ አገሩ የተመለሰው ሐኪም ወርቅነህ፥ ጆርጂያዊውም ሐኪም ሜራብ እ.ኤ.አ. በ1910 በከተማው የከፈተው የመድኃኒት መደብር፥ እነዚህ ሁሉ በየታሪክ መጽሐፉ በስፋት ስለ ተጻፈላቸው እዚህ ላይ አልዘረዝራቸውም። ለጉዳያችን የሚያስፈልገው ይህ ብቻ ነው፤ እነዚያ ሆስፒታሎች የጥይት ቁስል፥ ፈንጣጣ፥ ተስቦና የአባለ ዘር በሽታ ሞልቶባቸው ስለ ነበረ፥ በአንገቱ ላይ ትንሽ ሥጋ ያለበት ሰው ከእነሱ ደጅ ቢሰለፍ ያፍር ነበር። ትንሹ ነገር ወደ ዘመናዊ ሕክምና የገባው በትልቁ በር ሳይሆን፥ ጣሊያን ከአገራችን ከወጣ በኋላ በየአውራጃው ከተማ በተከፈተው በትንሹ ክሊኒክ በር ነው።

የዚያ ክሊኒክ ጌታ ድሬሰሩ ነበር። ሐኪሞች በጣት የሚቈጠሩ ስለ ነበሩ፥ ቁስል ማጠብ፥ መርፌ መውጋትና ፋሻ ማሰር በሆስፒታል ተምሮ ወደ ገጠር ከተማ የተላከው ይህ ሰው በሚኖርበት ቦታ ሐኪም፥ መድኃኒት ቀማሚና አንዳንድ ጊዜም ዳኛ ሆኖ ይታይ ነበር። ክፍሉ በቆርቆሮ የተከደነች፥ ወለሏም ሲሚንቶ የሆነ፥ በአንድ በኩል ጠረጴዛ፥ በሌላው በኩል ፕሪሙስ የተቀመጠባት ስትሆን፥ በፕሪሙሱ ላይ ያለው ድስት ከጥዋት እስከ ማታ የብርጭቆ መርፌውን፥ መቀሱንና መቆንጠጫውን ሲቀቅል ይውላል። ሕዝቡ ከሁሉ አብልጦ መርፌ ይወድ ነበር፤ ክኒን ብቻ ተሰጥቶት የተመለሰ በሽተኛ እንደ ተታለለ ሆኖ ይሰማው ስለ ነበረ፥ ብልኁ ድሬሰር ሁለቱንም መስጠት ይማራል። ትርፍ ሥጋ ይዞ የመጣውን ሰው በበርጩማ ላይ ያስቀምጠዋል፥ ቦታውን በአልኮልና በአዮዲን ይጠርጋል፥ ሥጋውን በመቆንጠጫ ስቦ በመቀስ ከሥሩ ይቆርጠዋል፥ በጎዝ ጫን አድርጎ ይዞ ደሙ ሲቆም ፕላስተር ይለጥፍበታል። ከወጌሻው ሥራ ጋር ስናስተያየው መቁረጡ ያው መቁረጥ ነው፤ እጁም ከወጌሻው እጅ ይበልጥ የሠለጠነ ላይሆን ይችላል። ልዩነቱ በድስቱ ውስጥ ነው። ያ የሚፈላ ውኃ መግል የሚያመጣውን ነገር ከመቀሱ ላይ ያባርር ነበርና፥ በዚያ ዘመን በአገራችን የገባው ታላቁ የሕክምና መሣሪያ ምንድን ነው ብባል ፕሪሙስ ነው ብዬ ለመመለስ አላመነታም።

እ.ኤ.አ. በ1954 በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ የጤና መኰንኖችን፥ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የጤና ጥበቃ ሠራተኞችን በአንድነት እያስተማረ ሲያወጣ፥ የድሬሰሩ ክሊኒክ ቀስ በቀስ ጤና ጣቢያ እየሆነ ሄደ፤ ከመርፌው ጋርም ሌላ ጸጋ መጣ፥ ማደንዘዣ። ቪየና ላይ ኮለር እ.ኤ.አ. በ1884 ኮኬይን ዓይንን እንደሚያደነዝዝ ካሳየ በኋላ ከእሱ ያነሰ ጉዳት ያላቸው መድኃኒቶች ሲፈለጉ ኖረው፥ ስዊድናውያኑ ሎፍግሬንና ሉንድክቪስት በ1943 የቀመሙት ሊዶኬይን በ1948 ለገበያ ቀረበ፤ ዛሬ በየክሊኒኩ የሚወጋው ይኸው ነው። ወጌሻው በሽተኛውን በአራት ሰው ያስይዝ ነበር፤ አሁን በቀጭን መርፌ የምትገባ ጥቂት ጠብታ የእነዚያን ሰዎች ሥራ ትሠራለች። መተኮሱም ቢሆን አልቀረም፥ መልኩ ተለወጠ እንጂ፤ ቦቪ የሠራውን የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሐኪሙ ኩሺንግ በ1926 ቦስተን ላይ በቀዶ ሕክምና ከተጠቀመበት ወዲህ፥ የወጌሻው የጋለ ብረት እንደ እስክሪብቶ ቀጥኖ በሐኪም እጅ ገባ። በብርድ ማቃጠልም ተጨመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1950 አሊንግተን የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በጥጥ ነክሮ በቆዳ ላይ ያዋለው ፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ያህል የሚቀዘቅዝ ነው። ይህ ፈሳሽ በአገራችን ከሐኪሙ ይልቅ ላም የሚያዳቅሉ ባለሙያዎች ጓደኛ ሆኖ መኖሩ ፈገግ ያሰኛል፤ የኮርማው ዘር ሳይበላሽ የሚቀመጠው በእሱ ውስጥ ነውና።

ስለ መለየት የጀመርኩትን ነገር እዚህ ላይ መቀጠል ይገባኛል። በአገራችን ከቆዳ ላይ የሚወጣ ነገር ሁሉ የሚያስፈራው በአንድ ምክንያት ነበር፤ እሱም ሥጋ ደዌ ነው። በአዲስ አበባ ምዕራብ በኩል እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተቋቋመውና በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም የተጠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል፥ ስሙን ለሰፈሩ ሁሉ እስኪያወርስ ድረስ የፍርሃትና የመገለል ቦታ ሆኖ ኖረ፤ በዚያው ቦታ በ1965 አለርት የተባለው የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ፥ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የሥጋ ደዌን ተሐዋሲ ባገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም በአርማወር ሃንሰን ስም የተሰየመው የምርምር ተቋም ከጎኑ ተከፈተ። አለርት ለሥጋ ደዌ ታስቦ ቢመሠረትም፥ በሩን አልፎ የሚገባው በሽተኛ ብዙው ሌላ የቆዳ ሕመም ያለበት ስለ ሆነ፥ በጊዜ ብዛት የአገሪቱ ዋና የቆዳ ሕክምና ትምህርት ቤት ለመሆን በቃ። በአንገቱ ላይ ሥጋ ስለ በቀለችበት ብቻ ሥጋ ደዌ ይዞኛል ብሎ ሌሊቱን ሲጨነቅ ያደረ ሰው እዚያ ገብቶ ምንም የለብህም ተብሎ ሲወጣ፥ የተሰጠው መድኃኒት አለመኖሩ ሕክምናውን አያሳንሰውም፤ ካህኑ በኦሪት ንጹሕ ነህ የሚለውን ፍርድ ሲሰጥ የነበረው ሥራ ይኸው ነው። በተቃራኒው ትርፍ ሥጋ መስሎት ሲቆርጥ ሲያስቆርጥ የኖረ ሰው፥ በተለይም በውስጥ እግሩ ላይ የጠቆረና የሚሰፋ ነገር ያየ፥ ነቀርሳ ሊሆን እንደሚችል የሚነግረው የሠለጠነ ዓይን ብቻ ነው፤ የጥቁር ሰው የቆዳ ነቀርሳ ክፉው ዓይነት ብዙውን ጊዜ የሚሸሸገው እዚያ ነውና። ጥርጣሬ ያለበትን ቁራጭ ጥሎ ከመርሳት ይልቅ በፎርማሊን ነክሮ ወደ ምርመራ ክፍል መላክ የመጣውም ከዚህ ነው።

ወጌሻውን ከከተማ ያስወጣው ግን ይህ ሁሉ ዕውቀት አይደለም፤ ኤድስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን በአገራችን ከታወቁ በኋላ፥ በተለይም በሚከተለው ዐሥር ዓመት፥ በሬዲዮ፥ በትምህርት ቤትና በቤተ ክርስቲያን አውደ ምሕረት ሳይቀር ስለታም ነገሮችን በጋራ አትጠቀሙ የሚለው ማስጠንቀቂያ ሳያቋርጥ ሲሰማ፥ ለብዙ ሰው የሚያገለግለው የወጌሻው ምላጭ ከመድኃኒትነት ወደ አስፈሪነት ተለወጠ። ጸጉር አስተካካዩ ምላጭ በየሰዉ መለወጥ ጀመረ፥ እንጥል ማስቆረጥም ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች መካከል ተቈጠረ፤ በሺህ ዓመት ልማድ የተከበረ ሙያ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ከከተማው ሲሸሽ አየን። አጥንት የሚጠግነው ወጌሻ እስከ ዛሬ ደንበኛ አላጣም፥ ምክንያቱም ሥራው ደም አያፈስስም፤ ምላጭ የያዘው ግን ቀርቷል።

በገጠሩ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው በተሠራው ጤና ኬላ ሁለት ሁለት ሴቶች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሆነው ቢመደቡም፥ ዋና ተግባራቸው በሽታን መከላከልና ማስተማር ስለ ሆነ ሥጋ መቁረጥ ከሥልጣናቸው ውጭ ነው፤ ሰውየውን ወደ ጤና ጣቢያ ይልኩታል። እሱም ያስባል፤ የማታመውን ትንሽ ሥጋ ለማስነሣት የአንድ ቀን እርሻ ልተው፥ የመኪና ልክፈል፥ ካርድ አውጥቼ ወረፋ ልጠብቅ ወይስ አልጠብቅ እያለ ሲያመነታ ፈረሱ በደጅ ቆሟል። ይህን ስንፍና ወይም አለማወቅ ብለው የሚነቅፉትን ሰዎች አልደግፋቸውም፤ ሒሳቡን በትክክል አስልቶት ነው። ስለዚህ የጤና ጣቢያው ነርስ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ያልተነካውን ትርፍ ሥጋ አይደለም፤ በግማሽ ታስሮ የጠቆረውን፥ ዙሪያው ያበጠውን፥ ግንዱም መግል የያዘውን ነው። ጥሩ ነርስ በሽተኛውን አይቈጣም፤ በምን እንዳሰረውና ስንት ቀን እንደ ሆነው ጠይቆ፥ ክሩን ፈትቶ፥ ቁስሉን አጥቦ፥ የመንጋጋ ቈልፍ መከላከያ ይወጋዋል፤ መቀሱን የሚያነሣው እብጠቱ ሲጎድል በሌላ ቀን ነው።